የራዲያተር ቬንትሌተር ምንድን ነው? በክረምትስ ያስፈልጋል?

ሐምሌ ላይ የመኪናዬ ቬንትሌተር ተቃጠለ። ጅማ ላይ ዝናቡ ሌት ተቀን የሚወርድበት ሳምንት ነበር፤ ያየልኝ መካኒክም «ክረምት አይደል? እስከ ጥቅምት ያለ እሱ ይሄድልሃል» አለኝ። ወጪ የሚያስቀር ምክር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ለአምስት ቀን ምንም አልሆነም። በስድስተኛው ቀን ነዳጅ ማደያ ተሰልፌ ትንሽ ፈቅ እያልኩ፣ ብዙ እየቆምኩ ሳለ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሀል ተነስቶ ወደ ቀዩ ወጣ። መስታወቱን ዝናብ ያጥበዋል፤ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ እንፋሎት ይትጎለጎላል።

ቬንትሌተር በራዲያተሩ ውስጥ አየር እንዲያልፍ የሚያደርግ ማራገቢያ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሚዘዋወረው ውሃ ሲሆን ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ይህ አየር ነው። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ሲቆም ግን ነፋስ የለም፤ ሐምሌም ሆነ መጋቢት ያው ነው።

«ክረምቱ ያቀዘቅዘዋል» የሚለውን በቁጥር እንየው። በራዲያተሩ ያለው ውሃ ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። የጅማ ቀን በበጋ 29 ዲግሪ አካባቢ፣ በክረምት 24 አካባቢ ነው። ከውሃው ጋር ያለው ልዩነት በበጋ 61፣ በክረምት 66 ዲግሪ ማለት ነው፤ ክረምቱ የሚያግዘን ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን፣ አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ መኪና ቬንትሌተር ሳይዞር ሊውል ይችላል። የእኛ ክረምት ግን ዝናብ እንጂ ብርድ አይደለም።

ደግሞስ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ቬንትሌተሩን ነቅሎ ምን ይገኛል? በኤሌክትሪክ የሚሠራው ውሃው ወደ 95 ዲግሪ ካልተጠጋ ወይም ኤሲ ካልተከፈተ በቀር አይነሳም። በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው ቀበቶ) የሚዞረውም በብዙ መኪኖች ላይ በሙቀት የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን (ማያያዣ) አለው። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርገው ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ነው፤ ቬንትሌተሩ በዚያ ጉዳይ የለበትም።

እንዲያውም ክረምት ለቬንትሌተር የሥራ ወቅት ነው እላለሁ። ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲወጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ይጮሃል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ነፋስ ግን የለም። ወደ ጅሬን ዳገት ሰው ጭኖ የሚወጣም እንደዚያው ነው። መስታወት ላይ የሚያርፈውን ጉም ለማጥፋት ኤሲ የሚከፍት ሰውም ሳያውቀው ቬንትሌተሩን ያሠራል። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የደረቀ ጭቃ አየሩን ሲዘጋው ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የእኔ ራዲያተር ወርዶ ሲታይ የታችኛው ግማሽ በቀይ ጭቃ ተለስኖ ነበር።

ቬንትሌተርን ማቆም የሚያስፈልግበት አንድ አጋጣሚ አውቃለሁ፤ ጥልቅ ውሃ ሲሻገሩ። በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ክንፉ ውሃውን ሲመታ ተጣሞ ራዲያተሩን ሊወጋ ይችላል። ያም ቢሆን ለደቂቃዎች ብቻ ነው።

የእኔ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሙቀት ሲበዛ የሚጣመመው) ተርፏል፤ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቼ መኪናውን በሰው ኃይል ከሰልፉ አስወጥቼ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ያልታፈነ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ከተከፈተ ታፍኖ የቆየው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። አዲሱ ቬንትሌተር በማግሥቱ ተገጠመ፤ ቆሜ ሞተሩን አስነስቼ ሲዞር እስክሰማ ድረስም ከጋራዡ አልወጣሁም።