መሪጌታው የተናገሩት ለምን ተሰረዘ? ስለ ውክፔዲያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሠፈራችን ልጅ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ በውክፔዲያ፣ ስለ ቅኔ ሁለት ነገር ጻፈ፦ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ ስምንት ቤት እንዳለው፤ ቀጥሎም በአንድ የጎጃም ቅኔ ቤት ማን ከማን እንደተማረ። የነገሩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። በማግስቱ ሁለቱም «ምንጭ የላቸውም» ተብለው ተሰርዘዋል። መሪጌታው ሲሰሙ ዝም አሉ። ዝምታቸው እስካሁን ይከነክነኛል፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በየቡና ቤቱ የምሰማው ወቀሳ አብዛኛው እውነት አይደለም።

«የውክፔዲያ ሰዎች ሊቅ አይወዱም።» ከውክፔዲያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው)፣ ኑፒዲያ የሚባል በሊቃውንት የሚጻፍ ኢንሳይክሎፒዲያ ተጀምሮ ነበር። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሰባት ደረጃ ስለሚጣራ በመጀመሪያው ዓመት ያለቀው ሃያ ገደማ ብቻ ነው። ውክፔዲያ በ2001 በሩን ለሁሉም ሲከፍት ሊቁን አላባረረም፤ ማዕረጉን ብቻ እንደ ማስረጃ አይቀበልም። ምክንያት አለው፦ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ እያለ በክርክር ያሸንፍ የነበረ አንድ አርታኢ፣ የ24 ዓመት ወጣት መሆኑ በ2007 ታውቋል።

«ከተሰረዘ ውሸት ነው ማለት ነው።» አይደለም። ሰራዡ መሪጌታውን ውሸታም አላለም፤ አንባቢ የሚያመሳክርበት ነገር አጣሁ ነው ያለው። ልጁ የቤቶቹን ቁጥር ከታተመ መጽሐፍ ከነገጹ ጠቅሶ መለሰው፤ እስከ ዛሬ አልተነካም። የመምህራኑ ሐረግ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልተገኘም፤ ያለው በመሪጌታው ልብ ውስጥ ነው። የታተመ ምንጭ የሚጠይቀው ደንብ እንደ እኛ በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ያለውን ሕዝብ ይጎዳል፤ ይህን አልሸሽግም። መፍትሔው ግን ደንቡን መጣስ ሳይሆን እኒህ አባት በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ቀድቶ፣ አጣርቶ ማሳተም ነው። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው።

«ማንም የሚጽፈው ስለሆነ አይታመንም።» ኔቸር መጽሔት በ2005 በ42 የሳይንስ ርዕሶች ላይ ባደረገው ንጽጽር፣ በአማካይ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አራት፣ በታወቀው ኢንሳይክሎፒዲያ በብሪታኒካ ሦስት ገደማ ስህተት በየጽሑፉ ተገኝቷል። የአማርኛው ግን አራሚው ጥቂት ነውና ሲያነቡት መጠንቀቅ ይገባል።

«የውክፔዲያ የገለልተኝነት ደንብ ለሁሉም አባባል እኩል ቦታ መስጠት ነው።» የዓባይ ምንጭ የሆነውን የግሽ ዓባይን ነገር እንይ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እዚያው ቆሞ አይቶታል። ሁለቱን አባባል ግማሽ በግማሽ ማካፈል ገለልተኝነት አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ቦታ በማስረጃው ክብደት ነው። የአካባቢው፣ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት በጸበሉ ሲጠመቅ ኖሯል። ስለዚህ «ምንጩን አገኘ» የሚለውን «ምንጩ ዘንድ ደረሰ» ብሎ የሚያርም ሰው ለጎጃም አላደላም፤ የሆነውን ነው የጻፈው።