ኢንተርሴክሽናሊቲ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የጥቁር ሴቶችን ልብ ወለድ የሚተነትን ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቃል አይጠፋም። ብዙ ሰው "በደል ሲደራረብ" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል።

አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን ስታብራራ አንድ የክስ መዝገብ መዘዘች። አምስት ጥቁር ሴቶች የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን ከሰው ነበር። በቀረበው ማስረጃ ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አልቀጠረም። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይውጣ ተባለ፤ ዘግይተው የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶችም ወጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 "ሴቶችማ ተቀጥረዋል፤ የጾታ አድልዎ የለም" የሚል ሐሳብ ያዘ። የተቀጠሩት ነጮች ናቸዋ! ዘርና ጾታን አጣምሮ መክሰስም አይቻልም ተባሉ። በደሉ ግን የደረሰባቸው ዘራቸውና ጾታቸው በሚገናኙበት ቦታ ነበር፤ ኢንተርሴክሽናሊቲ የሚባለውም ይህ፣ ነጣጥለው ቢያዩት የማይታይ በደል ነው።

በልብ ወለድም እንዲሁ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1970 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ውስጥ ሰማያዊ ዓይን የምትመኝ ልጅ አለች፤ ፔኮላ። ጥቁርነቷን፣ ሴትነቷንና ድህነቷን ነጣጥላችሁ ለማንበብ ሞክሩ እስቲ። አይሆንላችሁም።