ጂያውዝ ምንድን ነው?

ጂያውዝ ማለት በክብ ተዳምጦ በሳሳ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የተከተፈ ሥጋና አትክልት ተሞልቶ፣ ጠርዙ በጣት ተቆንጥጦ ተዘግቶ፣ በውሃ የሚቀቀል የቻይናውያን ምግብ ነው። ዓይቶት የማያውቅ ሰው ሳምቡሳን ያስብ፤ ከዚያ ዘይቱን ያስቀርና ሦስት ማዕዘኑን በግማሽ ጨረቃ ይተካ። በሰሜን ቻይና፣ በቤጂንግ፣ በሄቤይ፣ በሻንዶንግና ዶንግቤይ በሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ጂያውዝ የአዘቦት ምግብ ነው። እሁድ ለምሳ ይሠራል፤ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰውም ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይቀቅለዋል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ምሽት ከጣዕሙ ይልቅ የሚያሳስበው አለመፈንዳቱ ነው። ከሊጡ አቦካክ እስከ ውሃው አፈላል ያለው ሙያ ሁሉ የሚደክመው፣ የተዘጋው እንደተዘጋ ገበታ ላይ እንዲደርስ ነው።

የቻይናውያን አዲስ ዓመት ጨረቃን ተከትሎ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ለምሳሌ የፈረስ ዓመት የገባው የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ዋዜማው ቹሺ ይባላል። የጥንቱ የቻይና አቆጣጠር ቀንና ሌሊቱን በ12 ይከፍለውና የመጀመሪያውን ክፍል “ዝ” ይለዋል፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 7 ማለት ነው። “ጂያው” ደግሞ መገናኘት፣ መተላለፍ ነው። ሕዝቡ የምግቡን ስም ከዚህ ጋር ያያይዘዋል፦ አሮጌው ዓመትና አዲሱ በ“ዝ” ሰዓት ላይ ሲገናኙ የሚበላ። ስለዚህ ልማዱን የሚጠብቅ ቤት ጂያውዙን ከእኩለ ሌሊት በፊት ጠቅልሎ ይጨርስና ልክ ዓመቱ ሲገባ ይቀቅለዋል። ቅርጹም ትርጉም አለው። ሆዱ ተነፍቶ ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ቀና ሲል ዩዋንባው የሚባለውን የድሮ የብርና የወርቅ ጥፍጥፍ ይመስላል። ሀብት በአፍ ይግባ እንደ ማለት ነው።

ምግቡ ራሱ እጅግ የቆየ ነው። በሺንጂያንግ፣ ቱርፋን አጠገብ በሚገኙት የአስታና መቃብሮች ውስጥ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የቀረ ጂያውዝ ደርቆ ተገኝቷል። የበረሃው ድርቀት ከሺህ ዓመት በላይ አቆይቶታል፤ ቅርጹ ዛሬ ከሚጠቀለለው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃል። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በቾፕስቲክ ይማሰልና ዱቄቱ ፍርፍር ሲል በእጅ ይታሻል። የሊጡን መድረስ የሚያውቁት በሦስት ንጽሕና ነው፦ እጁ ንጹሕ፣ ሳህኑ ንጹሕ፣ ሊጡም ለስላሳና ንጹሕ። ከዚያ ተሸፍኖ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ይህ ዕረፍት ከተዘለለ ሊጡ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ተዳምጦ ሲለቀቅ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሰሜናውያን ለጂያውዝ ለስላሳ ሊጥ፣ ለፓስታ ደግሞ ጠጣር ሊጥ ይላሉ፤ ምክንያቱም ጠጣር ሊጥ ጠርዙ አይጣበቅም፣ ድስት ውስጥ ገብቶ አፉን ይከፍታል።

ለውስጡ የብርዱ ወራት ዋና አትክልት የቻይና ጎመን ነው፤ ረጅሙ፣ ነጭ ግንድና ፈዛዛ አረንጓዴ ቅጠል ያለው። 700 ግራም ያህል ደቅቆ ይከተፍና ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በጨርቅ ተደርጎ ይጨመቃል፤ የሚወጣው ውሃ ብዙ ነው። እዚህ ላይ መስነፍ ብዙ ጂያውዝ ያበላሻል። ያልተጨመቀ ጎመን ውሃውን ሊጡ ውስጥ ይለቃል፣ ታቹ ይረጥባል፣ ሲነሳ ይቀደዳል። ባለሙያዎች አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ የተጨመቀውን ጎመን ከሥጋው ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት በአንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ያሹታል። ዘይቱ ቅጠሉን ስለሚሸፍነው የሥጋው ጨው ቀሪውን ውሃ በቀላሉ አይስበውም።

ሥጋው 400 ግራም ሲሆን ከአሥር ሦስት እጁ ስብ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀይ ሥጋ ብቻ ሲቀቀል ይደርቃል፣ እንደ ጠጠርም ይቋጠራል። በአብዛኛው የአሳማ ነው። ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ግን በበግ ወይም በበሬ ሥጋ ይሠሩታል፤ የበጉ ከካሮት ወይም ከቅጠል ሽንኩርት ጋር በጣም ይስማማል። ሆዋጃው የምትባለውን አፍ የምታደነዝዝ ቅመም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይዘፈዝፉና፣ ሲቀዘቅዝ አጥልለው ውሃውን ብቻ ለሦስት ከፍለው ሥጋው ላይ እየጨመሩ ያማስላሉ። ሶያ ሶስ፣ ጨው፣ የተከተፈ ዝንጅብልና ቅጠል ሽንኩርት ይከተላሉ። ማማሰሉ ሥጋው ሙጫ እስኪመስልና ማንኪያውን እስኪይዝ ድረስ አይቋረጥም። ሥጋው ውሃውን አጥብቆ የሚይዘው ያኔ ነው፤ ጂያውዝ ሲነከስ የሚፈሰው ትኩስ መረቅም ከዚሁ ይመጣል። ጎመኑ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ በብዛት አይታሽም።

የዋዜማው አትክልት የሚመረጠው በስሙም ጭምር ነው። ጎመኑ “ባይትሳይ” ሲባል “መቶ ሀብት” ከሚለው ጋር በድምፅ ይገጥማል። “ጂዮትሳይ” የሚሉት ቀጭን፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው ቅጠል “ዘላቂነት”ን ያስታውሳል። በቲያንጂን የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ጂያውዝ ሥጋ የለበትም፤ ዓመቱ ጸጥ ያለና ንጹሕ ይሁን በሚል። የሚጾም ሰው ግን ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት እንዳይመስለው፤ እንቁላል የሚገባባቸው ብዙ ናቸውና መጠየቅ ይሻላል። ሊጡ ራሱ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው።

አሁን ቤተሰቡ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ትልቅ የበዓል ዝግጅት ያስተላልፋል፤ በብዙ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ይነሰነሳል። ሊጡ እንደ ገመድ ይድበለበልና 10 ግራም ያህል በሚመዝኑ ቁራጮች ይቆረጣል። ከግማሽ ኪሎ ዱቄት 75 ገደማ ይወጣል። አንዱ ይዳምጣል፣ ሌሎቹ ይጠቀልላሉ፤ ጎበዝ ዳማጭ ለሁለት ለሦስት ጠቅላይ ያደርሳል። አዳማመጡን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቀኝ እጅ አጭርና ቀጭን መዳመጫ ይገፋል፤ ግራ እጅ ሊጡን በጠርዙ ይዞ ያዞራል። መዳመጫው ከጠርዝ ተነስቶ እስከ መሐል ብቻ ይሄድና ይመለሳል፤ ሊጡ ትንሽ ይዞራል፤ እንደገና። በአሥር ያህል እንዲህ ያለ ምት 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ይወጣል፤ መሐሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ያለ። መሐሉ የሚወፍረው ክብደቱን እንዲሸከም ነው። ዳሩ የሚሳሳው ደግሞ ሲታጠፍ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ነው፤ ወፍራም ከቀረ መሐሉ በስሎ እሱ ጥሬ ይሆናል።

በሙያው ያልበረታ ሰው ብዙ መሙላት ይወዳል። 12 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ ይበቃል። ይታጠፋል፣ መሐሉ ይቆነጠጣል፣ ከዚያ በሁለቱ አውራ ጣቶችና በሌባ ጣቶች መካከል ተደርጎ በአንዴ ይጨመቃል። ዳሩ ላይ የውስጡ ቅባት ከነካ አይጣበቅም፤ ደረቅ ዱቄት ካለም አይጣበቅም። አየር ከታሰረበት ድስት ውስጥ ተነፍቶ ይፈነዳል። በደንብ የተዘጋ ጂያውዝ ሲያስቀምጡት በሆዱ ይቀመጣል፤ የተንጋለለ ካለ ወይ ሆዱ ባዶ ነው፣ ወይ ሊጡ ረጥቧል።

የሚቀመጥበት ዕቃ ጋይሊየን ይባላል። የቀጭን የማሽላ አገዳ ጫፎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሌላ ረድፍ በላያቸው መስቀለኛ ተደርጎ በክር የተሰፋ ክብ ሰሌዳ ነው፤ ስፋቱ ከመካከለኛ ሰፌድ አይበልጥም። አገዳ ከአገዳ መካከል ያለው ሸንተረር አየር ስለሚያስገባ የጂያውዙ ታች አይረጥብም። ፕላስቲክ ትሪ ላይ የተደረደረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጣበቃል፤ ጋይሊየን የሌለው ሰው ትሪው ላይ ዱቄት በደንብ ይነስንስ።

ከብዙዎቹ በአንዷ ውስጥ ሳንቲም መደበቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ያገኘ ሰው ዓመቱ ይሰምርለታል ይባላል። ሳንቲም ጥርስ ይሰብራል፣ ሕፃንም ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ኦቾሎኒ፣ ቴምር መሳዩን የቻይና ፍሬ ወይም ከረሜላ ይከታሉ፤ ይህ የተሻለ ይመስለናል። ኦቾሎኒው ረጅም ዕድሜ፣ ከረሜላው ጣፋጭ ኑሮ ነው።

አቀቃቀሉ ላይ ቸኩሎ ማበላሸት ቀላል ነው። ለ25 ጂያውዝ ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ በትንሽ ውሃ ተጨናንቆ የተቀቀለ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውሃው ፈልቶ ጂያውዙ እንደገባ በጭልፋው ጀርባ፣ የድስቱን ታች ተከትሎ፣ ቀስ ብሎ ይገፋል። በጭልፋው ጠርዝ የገፋ ሰው ይቀድደዋል። “ውስጡን ለማብሰል ክደን፣ ሊጡን ለማብሰል ግለጥ” የሚል አባባል አለ። ውሃው እንደገና ሲገነፍል ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ቀዝቃዛው ውሃ ግንፋሎቱን ያበርደዋል። ካልበረደ ሊጡ እየተላተመ ይቀደዳል፣ ሥጋው ግን ገና ነው። በሦስተኛው ጊዜ ጂያውዙ ሁሉ ተንሳፍፎ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ በጣት ሲነካ ተመልሶ የሚነሳ ይሆናል። ያኔ በስሏል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዱ ይፈነዳል። በዋዜማው ምሽት “ተቀደደ” ወይም “ተበላሸ” ብሎ መናገር ነውር ነው። በሰሜን “ጀንግ” ይላሉ። ቃሉ መተርተርንም፣ ገንዘብ ማግኘትንም ያመለክታል፤ ስለዚህ ድስቱ አጠገብ ያለችው እናት “ሁለቱ አተረፉልን!” ብላ ታልፋለች። የገበታው ሰው ሁሉ ምን እንደተፈጠረ ያውቃል፤ ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ቃል ክፉ እንዳይሆን ሁሉም ይጠነቀቃል።

ማጥቀሻው ጥቁር አቼቶ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ጄድ የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የመሰለ አረንጓዴ ነጭ ሽንኩርት ይቀመጣል። ይህ ላባ ስዋን ነው። በ12ኛው የጨረቃ ወር በ8ኛው ቀን፣ ላባ በሚባለው ዕለት፣ የነጭ ሽንኩርት ፍሬዎች ይላጣሉ፣ የሥራቸው ጠንካራ ጫፍ ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ማሰሮ ተደርገው በሩዝ አቼቶ ይሸፈናሉ፣ ተከድነውም ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣሉ። ለአዲስ ዓመት ይደርሳሉ። አረንጓዴ የሚሆነው ቀድሞ በብርድ የቆየ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሙቅ ቤት ውስጥ የሰነበተው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ቢበላ ግን ጉዳት የለውም። ሲበላ ማቃጠሉ ረግቧል፤ አቼቶውም ሽንኩርቱን ሽንኩርቱን ይላል። በሰሜን ሰው ቤት ከጂያውዙ በኋላ የተቀቀለበት ትኩስ ውሃ በሳህን ይቀዳል። የምግቡ መረቅ ምግቡን ይፈጫል ይላሉ፤ ለብ ያለ፣ የዱቄት ሽታ ያለው ሾርባ ነው።

የተረፈው በማግስቱ በመጥበሻ ታቹ እስኪቀላ ይጠበሳል። በ5ኛው ቀን፣ ፖዉ በሚባለው፣ እንደገና ይሠራል። ከአዲስ ዓመትም ውጭ የራሱ ቀናት አሉት። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 በምትውለው የዓመቱ አጭር ቀን ጂያውዝ ያልበላ ጆሮው በብርድ ይቆረጣል ይባላል። ይህን ከጥንቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ሐኪም ከጃንግ ጆንግጂንግ ጋር ያያይዙታል፤ በብርድ ጆሮው ለቆሰለ ድሃ ሥጋና መድኃኒት በሊጥ ጠቅልሎ አበላ የሚል አፈ ታሪክ ነው።

በዓሉ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ከተማ የሚመለሰው ልጅ አለ። “ሲሳፈር ጂያውዝ፣ ሲወርድ ፓስታ” ይላሉ፤ ረጅሙ ፓስታ የመጣውን እግር አስሮ ያስቀራል፣ የተዘጋው ጂያውዝ ሂያጁን በደህና ይሸኛል። ይዞ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ ሳይነካካ በትሪ ተደርድሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ይቆያል፤ ቀጥሎ በላስቲክ ይቋጠራል። ከተማ ሲደርስ ማሟሟት የለበትም፤ ከሟሟ ይጣበቃል፣ ይቀደዳልም። በረዶ እንደሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቀዝቃዛው ውሃ እንደተለመደው ሦስት ጊዜ ይጨመርበታል፣ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል ይታከልለታል።