ድንክ ፕላኔት ምንድን ነው? በኪሎ ሜትር አይወሰንም
ከኔፕቱን ማዶ አዲስ ነገር ተገኘ በተባለ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ሰሞኑን አንዱ «ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ ድንክ ፕላኔት ነው፣ ካነሰ ድንጋይ ነው፣ አለቀ» ብሎ ጻፈ። አላለቀም! በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የምትዞረው ሴሬስ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ድንክ ፕላኔትነቷን ግን ማንም አይጠራጠርም።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ፕራግ ላይ ያጸደቀው ብያኔ የኪሎ ሜትር ቁጥር የለውም። ጥያቄው የአካሉ ስበት የቁሱን ጥንካሬ አሸንፎ ክብ ቅርጽ አስይዞታል ወይ ነው። ይህ ደግሞ በምን እንደተሠራም ይወሰናል። አለታማዋ አስትሮይድ ቬስታ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና ቅርጿ የተዛባ ነው። በረዷማዋ የሳተርን ጨረቃ ሚማስ 400 እንኳ ሳትሞላ ክብ ናት። በርግጥ ጨረቃ ስለሆነች ከጨዋታው ውጭ ናት። ደግሞ ክብ ሲባል ድፍን ኳስ ማለት አይደለም። ከኔፕቱን ማዶ ያለችው ሃውሜያ 4 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንዴ ስለምትሽከረከር ተለጥጣለች፤ ድንክ ፕላኔት ከመባል ግን አልቀረችም።

ቅርጹን ታዲያ ማን አየው? ከድንክ ፕላኔቶች መንኮራኩር የደረሰው ፕሉቶና ሴሬስ ጋ ብቻ ነው። የቀሩት በቴሌስኮፕ ከነጥብ ብዙም አይሻሉም። ከነጥቡ ድምቀት ብቻ ተነስቶ ስፋት መናገር ነው የሚያናድደኝ። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ስትወጡ ዞር ብላችሁ ከተማዋን እዩ። ነጭ የተቀባ የአንዲት ሱቅ ጣሪያ ከዛገ የመጋዘን ቆርቆሮ እኩል ሊያበራ ይችላል። የሚለያቸው ሙቀታቸው ነው። የዛገው የድሬን ፀሐይ ይውጣል፣ ይግላል፤ ነጩ ይመልሰዋል። ስፒትዘርና ኸርሸል የተባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች የሠሩትም ይህንኑ ነው፦ የሙቀቱን ጨረር ከድምቀቱ ጋር አጣምሮ ስፋቱን ማውጣት። የገጹ ሸካራነትና የሽክርክሪቱ ፍጥነት ግን ስሌቱን ያንገዳግዱታል።

መጋዘኑ ትልቅ ነው ማለትም ሙሉ ነው ማለት አይደለም። አካሉ ጨረቃ ካለው ከጨረቃው ዙረት ክብደቱን እናሰላለን፤ ከክብደቱና ከስፋቱ ደግሞ ጥግግቱን። ጥግግቱ በጣም ካነሰ ውስጡ ገና ክፍተት አለ፣ ስበቱ ጨፍልቆ አልዘጋውም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከኔፕቱን ማዶ ያለው ኳዋር 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨረቃ አለው፣ ቀለበትም አለው። ኅብረቱ በይፋ ከተቀበላቸው አምስቱ ውስጥ ግን የለም። ብዙ ተመራማሪዎች ድንክ ፕላኔት ይሉታል፤ እኔም እላለሁ። ምክንያቴ ግን 1,000ን ማለፉ አይደለም።