«ዚፕ አለው እኮ!»፦ ስለ መድኃኒት ላስቲክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚውል ሰው ደጋግሞ የሚሰማት አንዲት መልስ አለች። ክኒኑን ቆጥሬ በትንሿ ባለ ዚፕ ላስቲክ እከታለሁ። አወሳሰዱን እናገራለሁ። ከዚያ «ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አለ» ይሉኛል። «እንግዲያው ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡት» ስል መልሷ ከች ትላለች፦ «ኧረ ችግር የለም ዶክተር፣ ዚፕ አለው እኮ!»

(ፋርማሲስት ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም። ግን ይህን ማስተካከል ከተውኩ ቆይቻለሁ።)

አዎ፣ ዚፕ አለው። ሱሪም ዚፕ አለው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ራሱ ከፍቶት ሽንት ቤት ይሄዳል።

ዛሬ ሌሎችንም አነሳለሁ። ለመጻፍ ያስነሳችኝ ግን ይህችው መልስ ስለሆነች በእሷ ልጀምር።

«ዚፕ ያለው ላስቲክ ልጅ አይከፍተውም»

ይከፍተዋል። ያቺን ላስቲክ እስቲ ቀረብ አድርጋችሁ እዩዋት። በአንዱ ከንፈሯ ላይ ወጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ። በሌላው ከንፈር ላይ መስመሩ የሚገባበት ቦይ አለ። በጣት ስትጫኑት አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ከንፈሮች ይዛችሁ ስትጎትቱ ይላቀቃል። አለቀ። ሥራዋ ክኒኑ እንዳይበተንና አቧራ እንዳይገባበት ማድረግ ነው። አዋቂ ሰው ያለ ድካም እንዲከፍታት ታስባ የተሠራች ናት። ሁለት ጠርዝ ይዞ መጎተት ደግሞ ለሁለት ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው። ካቃተውም ጥርስ አለው። ላስቲኳ ስስ ናት፣ አንዴ ከነከሳት ተተረተረች።

ልጅ በቀላሉ እንዳይከፍተው ተብሎ የሚሠራ ከረጢት ሌላ ነው። እሱ እንዲሁ ቢጎትቱት አይከፈትም። በአንዳንዱ ላይ ተንሸራታች መዝጊያ አለ፤ በአንድ እጅ ጫን ብላችሁ ካልያዛችሁት በሌላው እጅ ብትገፉት ንቅንቅ አይልም። በሌላው ደግሞ ጣት የሚይዘው ጠርዝ ተደብቋል፤ ምልክት የተደረገበትን ቦታ ቆንጥጦ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መሳብ ያስፈልጋል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ ማስገደድ። ትንሽ ልጅ መጫንም መግፋትም ይችላል። ሁለቱን አቀናጅቶ በአንድ ጊዜ ማድረግ ነው የሚከብደው። ከረጢቱ ራሱም ወፍራምና ብዙ ንብርብር ያለው ነው፣ በጥርስ ቶሎ አይቀደድም። ዚፑ ጠንካራ ሆኖ ላስቲኩ ስስ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ሐሳቡ ከመድኃኒት ጠርሙስ የመጣ ነው። ካናዳ ዊንዘር ከተማ ሄንሪ ብሮ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። መድኃኒት የዋጡ ልጆችን ማከም መረረውና እ.ኤ.አ. በ1967 ተጭነው የሚያዞሩትን ክዳን ለአገልግሎት አበቃ። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 መርዛማ ነገሮች እንዲህ ባለ ማሸጊያ እንዲሸጡ ሕግ አወጡ። እኛ ባለ 1000 ክኒን ጣሳ ከፍተን፣ በትሪ ቆጥረን፣ በስስ ላስቲክ እንሰጣችኋለን። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ እኔ የሰጠኋችሁን ላስቲክ አትመኑት። ሰጪው ነኝና አውቀዋለሁ።

«ከውጭ የመጣው ግን ልጅ አይከፍተውም ተብሎ ተጽፎበታል»

ይህኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጎንደር ላይ ከአሜሪካም ከእስራኤልም ሻንጣ የማይመጣለት ቤት ጥቂት ነው። ሻንጣው ውስጥ እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ቫይታሚን አለ፤ ባለ ቀለም የልብስ ማጠቢያ እንክብልም አለ፣ ልጅ ጣፋጭ የሚመስለው። ከረጢቱ ላይ እውነትም ተጽፎበታል። መዝጊያውም እውነትም የተለየ ነው።

አንድ የአዘዞ አባት እንዲህ ያለውን ከረጢት ይዞ መጣ። የአራት ዓመት ልጁ ከፍቶ ቫይታሚኑን ሲበላ ይዞታል። ልጁ ደህና ነው፣ ሰውየው ግን በግኗል። «አጭበርብረውናል!» ይላል። ማንም አላጭበረበረውም። እንዲህ ያለው ማሸጊያ በልጆች እየተፈተነ እንደሚያልፍና ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ ስለማያውቅ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆነ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ከሦስት ወር ድረስ ያሉ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀመጣሉ። ከረጢቱ ይሰጣቸውና «ክፈቱት» ይባላሉ። 5 ደቂቃ ይሞክራሉ። ያልከፈተ ልጅ ካለ፣ ፈታኙ ራሱ ፊታቸው ላይ አንዴ ከፍቶ ያሳያቸዋል። በጥርስ መጠቀም እንደሚቻልም ይነገራቸዋል። ከዚያ ሌላ 5 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ሳያሳዩአቸው በፊት ቢያንስ 85 በመቶው፣ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 80 በመቶው መክፈት ካልቻሉ፣ ማሸጊያው አለፈ ይባላል።

አሁን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። ከ100 ልጆች 20ው በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢከፍቱትም ያልፋል። የአዘዞው ልጅ ከ20ዎቹ አንዱ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው እንጂ እቃው አልተበላሸም። እንዲያውም የእናንተ ልጅ ከተፈታኞቹ የተሻለ ዕድል አለው። እናንተ ስትከፍቱ አንዴ ሳይሆን በየቀኑ ያያል፤ የሚያቋርጠውም ፈታኝ የለም። የቡና ሥርዓት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከአንደኛ እስከ በረካ ልጁ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ነው።

እንዲህ ያለው መዝጊያ ደቂቃዎች ይገዛላችኋል። ደርሳችሁ እንድትቀሙት። ከዚያ በላይ ቃል የገባላችሁ የለም።

ደግሞም የሚሠራው ከዳር እስከ ዳር ከተዘጋ ብቻ ነው። ቦዩ ውስጥ ዱቄት ወይም ፍርፋሪ ከገባ ዚፑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በሁለት ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። ባዶውን ከረጢት አጥባችሁ በርበሬ ወይም ሌላ ክኒን የምትከቱበት ሰዎችም አላችሁ። አውቃለሁ፣ ከረጢቱ ያምራል። መዝጊያው ግን የሚፈተነው ለራሱ ይዘትና ለተገመተለት የመክፈትና የመዝጋት ብዛት ነው፤ ለዘላለም አይደለም።

«በጣም ጠንካራ ቢሆን ይሻል ነበር»

አይሻልም። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 የሆኑ አዋቂዎችም ይፈተናሉ፣ ቢያንስ 90 በመቶው መክፈትና መልሶ መዝጋት መቻል አለባቸው። እጃቸውን ቁርጥማት የያዛቸው እማማ መክፈት ካቃታቸው፣ አንዴ በመቀስ ይቆርጡትና ከዚያ በኋላ ተከፍቶ ይኖራል።

«አንድ በአንድ እየተጫነ የሚወጣው ክኒን አስተማማኝ ነው»

ከላስቲኩ ይሻላል፤ ልጁ አንድ ሁለቱን እስኪያወጣ ትደርሱበታላችሁ። ተራው ዓይነት ግን ልጅ እንዳይከፍተው ተብሎ አልተሠራም።

«ከፍ አድርጌ ሰቅየዋለሁ»

በርጩማ አለ። አልጋ አለ። ከቁም ሳጥኑ ሥር የተቀመጠ ሻንጣም አለ።

«መራራ ነው፣ ቀምሶ ይተፋዋል»

ይህንን የሚለኝ ሰው ስለ አይረን ክኒን ሲያወራ ከሆነ ትዕግሥቴ ያልቃል። ለነፍሰ ጡር እናቶች በየወሩ የሚሰጠውን ማለቴ ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ክብ ነው፣ የአንዳንዱ ሽፋን ጣፋጭ ነው። ልጅ ከረሜላ ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።

«ቫይታሚን ነገር ነው፣ ምን ያመጣል?» ይላሉ ደግሞ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በተለመደው ክኒን ውስጥ 60 ሚሊግራም ንጹህ አይረን አለ። ልጅ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊግራም ከዋጠ መታመም ሊጀምር ይችላል፤ በኪሎ ከ60 ሚሊግራም ካለፈ ለሕይወቱ ያሰጋል። ልጁ 10 ኪሎ ነው እንበል። ከሦስት እስከ አራት ክኒን ያሳምመዋል። 10 ክኒን አደገኛው መስመር ላይ ያደርሰዋል። እናትየው የተሰጣት የወር 30 ክኒን ነው። ክኒኑ ቤት የሚገባውም ብዙ ጊዜ ትልቁ ልጅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ማለትም ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ በሚከትበት ዕድሜ ነው። ከወለደች በኋላ ደግሞ የተረፈው ክኒን የአራስ ቤት ትራስ ሥር ይረሳል።

አይረን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ልጁ መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ይረጋጋል። «ተመስገን፣ ወጣለት» ተብሎ ይታቀፋል። ከሰዓታት በኋላ ግን መርዙ ጉበቱንና የደም ዝውውሩን ሊጥል ይችላል። አንዲት የማራኪ እናት እንዲህ ተረጋጋ ብላ ልጇን ልታስተኛ ስትል፣ ጎረቤቷ በግድ ጎትታ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ጎረቤቷን ሳገኛት «አንች ነሽ ያዳንሽው» እላታለሁ፣ ትስቅብኛለች።

«እኛ ቤት ልጅ የለም»

የልጅ ልጅስ? ለፋሲካ የሚመጣውስ? የእማማ የስኳር ክኒን የት ነው ያለው? በዚያችው ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኳ በነጠላ ጫፍ ተቋጥራ፣ ነጠላው አልጋ ላይ። ከስኳር ክኒኖች መካከል እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለው አንድ ፍሬ ብቻ የትንሽ ልጅን ስኳር ክፉኛ ሊያወርድ ይችላል፤ ያውም ሰዓታት ዘግይቶ። ከደንቢያ በኩል ለወባ ክሎሮኪን ወስዳችሁ የምትሄዱም ስሙኝ፦ አንድ ሁለት ክኒን ሕፃን ሊገድል ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ነጠላውንም ቦርሳውንም ተቀበሉና ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። እንግዳ አክባሪ ያስብላችኋል እንጂ ማንም አይቀየማችሁም።

«የነቀዝ መድኃኒቱን በፌስታል ጠቅልየዋለሁ»

ይህ ከመድኃኒት ቤቴ ውጭ ነው፣ ግን ዝም ማለት አልችልም። በፍሬ ተገዝቶ፣ በፌስታል ተቋጥሮ፣ እህሉ አጠገብ የሚቀመጠው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ልጁ ፌስታሉን ባይፈታው እንኳን፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ መኖሩ ብቻ አደጋ ነው። ለተዋጠው ደግሞ ማርከሻ የለውም። ማርከሻ የለውም አልኩ፣ ሆስፒታሉ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን።

ይልቅ አየር የማያስገባውን የእህል ከረጢት ፈልጉ። ፒክስ የሚባለው ሁለት የውስጥ ላስቲክና አንድ የውጭ ማዳበሪያ ያለው ነው። እህሉን በደንብ አድርቃችሁ ትሞሉና እያንዳንዱን ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ለየብቻ ታስራላችሁ። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ክኒን አያስፈልግም። ባዶውን ላስቲክ ግን ልጅ እንዳይጫወትበት፤ ራሱ ላይ ካጠለቀው ያፍነዋል።

«እሽጉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት መርዝ ናት»

ፍሬ ፍሬ ሲሊካ ጄል ከሆነች እርጥበት መምጠጫ ናት፣ መርዝ አይደለችም። ጉሮሮ ላይ ግን ልትሰነቀር ትችላለች፤ ጣሏት።

«ከዋጠ ወተት መጋት ነው»

አትጋቱት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከታችሁ አታስመልሱት፤ የጨው ውኃም አታጠጡት። የጨው ውኃ ራሱን የቻለ መርዝ ይሆናል። ላምባ የጠጣ ልጅ ሲያስመልስ ላምባው ሳንባው ይገባል። በረኪና የጠጣውን ደግሞ ሲወጣ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ ልጁን አንሱ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሳሙና በርም ሁኑ ፒያሳ፣ ባጃጅ አታጡም። እስኪያመው አትጠብቁ።

ላስቲኩንም ከቀሩት ክኒኖች ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ስሙ ካልተጻፈበት ሐኪሙ ክኒኑን ዓይቶ ሊለየው ይችላል። ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደቀረና በስንት ሰዓት እንደዋጠ ባጃጅ ውስጥ እያላችሁ ቁጠሩና አስቡ፤ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።