የሞተር ዘይት ቅየራ በአዲስ አበባ፦ ቦታው፣ ዋጋውና ጥንቃቄው

በአዲስ አበባ የመኪና ሞተር ዘይት በአራት ዓይነት ቦታ ይቀየራል፦ በነዳጅ ማደያዎች የሰርቪስ ክፍል፣ በላቫጆዎችና በመንገድ ዳር ዘይት መቀየሪያዎች፣ በሰፈር ጋራዦች፣ እንዲሁም በመኪና አስመጪ ኩባንያዎች የጥገና ማዕከል። የእጅ ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ይሁንና ከሚከፈለው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዘይቱ ራሱ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው)። ስለዚህ ርካሽ ቦታ የሚፈልግ ባለመኪና መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሞተሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝና ምን ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዘይቱ ሲከፈትና ሲገባ ቆሞ ማየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይህን የማይፈቅድ ቦታ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይመከርም።

ስንት ሊትር?

የቶዮታ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተር ከፊልትሮው ጋር 3 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ቪትዝና ያሪስ ብዙዎቹ 3.7 ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ቪቪቲ-አይ (የባልቡላ መክፈቻ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ሞተር ያላቸው) ኮሮላዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጣው የኮሮላ 1ዜድአር ሞተር 4.2 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣው ሃይሉክስ ወደ 7 ሊትር፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ላንድክሩዘር ደግሞ ከ9 ሊትር በላይ ይጠጣል። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ መጽሐፉ ከጠፋም በሞተሩ ኮድ ተፈልጎ ይገኛል።

ቁጥሩን ማወቅ በቀጥታ ኪስን ይነካል። ዘይት በብዛት የሚሸጠው በባለ 4 እና በባለ 1 ሊትር እሽግ ነው። 3 ሊትር የሚወስድ ቪትዝ ባለ 4 ሊትር ሲገዛለት ወደ 1 ሊትር ይተርፋል። የተረፈው ክዳኑ ጠብቆ፣ አቧራና ውኃ ሳይነካው ከተቀመጠ ለመሙያ ያገለግላል፤ በሦስት ቅየራ የተጠራቀመው ለአራተኛው ይበቃል። ብዙ ቦታ ግን ባለመኪናው ካልጠየቀ ትርፉ እዚያው ይቀራል፣ ወይም "ይግባለት" ተብሎ ሁሉም ይገለበጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል።

ምን ዓይነት ዘይት?

በእሽጉ ላይ ካሉት ጽሑፎች ሁለቱ ይጠቅማሉ። አንዱ ውፍረቱን የሚናገረው ቁጥር ነው፦ 5ደብልዩ-30፣ 10ደብልዩ-30፣ 15ደብልዩ-40፣ 20ደብልዩ-50። የመጀመሪያው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያመለክታል። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢቀዘቅዝም ለ5ደብልዩ እና ለ10ደብልዩ ዘይት አስቸጋሪ የሚባል አይደለም። በዚህ ከተማ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው።

ሌላው የጥራት ደረጃው ነው። ለቤንዚን መኪና ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ያወጣው ኤስኤን፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2020 ገበያ የገባው ኤስፒ ይፈለጋል። ለናፍጣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ደረጃው ያልተጻፈበት ዘይት መግዛት ጨርሶ አያስፈልግም።

"መኪናው ስላረጀ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል" የሚለው ምክር በየሰፈሩ ይሰማል። ዘይት ለሚበላ፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ለተዳከመ የድሮ ሞተር 20ደብልዩ-50 ጭሱን ለጊዜው ይቀንሰው ይሆናል። ለቪቪቲ-አይ ሞተር ግን መጥፎ ምክር ነው። የባልቡላዎቹን (የቫልቮቹን) ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል የሚሠራው በቀጭን መንገድ በሚያልፍ የዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ከታዘዘው በላይ ሲወፍር ወይም ቆይቶ ዝቃጭ ሲሆን ምላሹ ይዘገያል፣ መንገዱ ላይ ያለችው ትንሽ ማጣሪያም ትደፈናለች። ውጤቱ ጉልበት የማጣት፣ ነዳጅ የመብላትና የሞተር መብራት የመብራት ችግር ነው።

አራቱ ቦታዎች

ቶታል፣ ኖክ፣ ኦላ ኢነርጂና ሌሎች የነዳጅ ኩባንያዎች በብዙ ማደያዎቻቸው የሰርቪስ ክፍል አላቸው። እዚያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የኩባንያው የራሱ ዘይት ስለሆነ የማጭበርበር ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ዘይቱን ከእነሱ ለገዛ ሰው የእጅ ዋጋው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው ወይም በዘይቱ ዋጋ ውስጥ ይጠቃለላል። ደካማ ጎናቸው ፊልትሮ ላይ ነው፤ ለሁሉም መኪና የሚሆን ፊልትሮ አይኖራቸውም። ፊልትሮውን አስቀድሞ ገዝቶ ይዞ መሄድ ችግሩን ይፈታዋል።

የመንገድ ዳር መቀየሪያዎችና ላቫጆዎች ጉድጓድ ወይም መወጣጫ አዘጋጅተው፣ ከጎን በመደርደሪያ የተለያየ ስም ያለው ዘይት ይሸጣሉ። ፈጣን ናቸው፣ ዋጋም ይደራደራሉ። ሐሰተኛ ዘይት የመግባት ዕድሉ ከፍ የሚለውም እዚህ ነው፤ ይህ ሲባል ሁሉም ያታልላሉ ማለት አይደለም፤ በታማኝነታቸው ለዓመታት ደንበኛ የያዙ ብዙ አሉ። የራይድና የፈረስ ታክሲ አሽከርካሪዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይሩ የትኛው ቦታ ታማኝ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሁለት ሦስቱን መጠየቅ ከማስታወቂያ ይሻላል።

የሰፈር ጋራዥ የሚመረጠው መኪናው ሌላ ችግርም ካለበት ነው፤ መካኒኩ ከሥር ሲገባ የዘይት መንጠባጠብ፣ የተቀደደ የአቧራ መከላከያ ጎማ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ ያያል። እንደ ሞኤንኮ ያሉ የአስመጪ ማዕከላት ዋጋቸው ከሁሉም ይወደዳል፤ ዋስትና ላለው አዲስ መኪና ግን የአገልግሎት መዝገቡ እንዳይቋረጥ ተመራጭ ናቸው።

ዋጋ ሲነጻጸር ሁሉም ቦታ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ 15 በመቶው ቫት ተካቷል? ደረሰኝ የሚቆርጠው ማደያ ከማይቆርጠው ሱቅ ጋር ሳይመሳከር ቢነጻጸር የሱቁ ርካሽነት ካለው በላይ ጎልቶ ይታያል። ደረሰኙ ቀኑንና የዘይቱን ዓይነት ስለሚይዝ መኪናው ሲሸጥም ማስረጃ ይሆናል።

ሐሰተኛ ዘይት እንዴት ይታወቃል?

ሐሰተኛው ዘይት ከባዶ የታወቀ ጀሪካን ይጀምራል። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ፣ ወይም ደረጃው ዝቅ ያለ ዘይት ከበርሜል ተቀድቶ ይሞላበትና ተመልሶ ይታሸጋል። ቀለምና ሽታ ብዙም አይረዱም፤ ያገለገለ ዘይትም በደንብ ከተጣራ ወርቃማ መስሎ ይታያል። የሚታየው ክዳኑ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ሳይሰበር ክዳኑ መዞር የለበትም፤ ሲከፈት "ቀጭ" ብሎ ይለያል። ብዙ ዓይነት ዘይቶች ከክዳኑ በታች አፉን የሚሸፍን የአልሙኒየም ወረቀት አላቸው፤ ዳር ዳሩ የተጨማደደ ወይም ሙጫ የወጣበት ከሆነ አይገባም። በጀሪካኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ቀን በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነም እንዲሁ።

ዘይቱ ገብቶ ካለቀ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ይዞ መሄድ፣ ወይም ክዳኑን በስቶ መተው ብልህነት ነው፤ የዚያን ጀሪካን ዳግም መሞላት የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነው። ከበርሜል በሊትር የሚቀዳ ዘይት፣ በርሜሉ ሲከፈት ካልታየ በስተቀር፣ ለሞተር አይመከርም።

ፊልትሮ በሶማሌ ተራና በመርካቶ የመለዋወጫ ሱቆች በብዙ ዓይነት ዋጋ ይገኛል። ርካሹ ፊልትሮ የሚታማው በውስጡ ወረቀት ማነስና በመመለሻ ጎማው ነው። ጎማው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዛል፤ ካልያዘ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የብረት ኳኳታ ይሰማል፣ የዘይት መብራቱም ለመጥፋት ይዘገያል።

ሥራው እንዴት መሠራት አለበት?

ሞተሩ ለብ ብሎ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ይጀመራል። በጣም የጋለ ዘይት እጅ ያቃጥላል፤ ጭራሽ የቀዘቀዘው ቆሻሻውን ሳያወጣ ታች ይቀራል። ኮፋኖው ተከፍቶ የላይኛው የመሙያ ክዳን ሲላላ ዘይቱ ቶሎ ይወርዳል። በአብዛኞቹ የቶዮታ ትናንሽ መኪኖች የታችኛው ቡሎን በ14 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። መጀመሪያ ጥቁሩ ዘይት እንደ ገመድ ተወርውሮ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ከዚያ ጠብታ ይሆናል። ችኩል ሠራተኛ ክሩ ሳይበጠስ ቡሎኑን ይመልሳል። 10 ደቂቃ ጠብቆ ጠብታው እስኪራራቅ መተው ጥቁሩን ቅሪት ይቀንሳል።

ፊልትሮው ሲፈታ የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀር እንደሆነ በእጅ ተዳስሶ ይታያል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን በዘይት ቅየራ ከሚደርሱ ከባድ አደጋዎች አንዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሮጌው ቀለበት ላይ አዲሱ ከተደረበ፣ ሞተሩ ተነስቶ ግፊት ሲያገኝ ድርቡ ያፈተልክና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ያልቃል። የአዲሱ ፊልትሮ ቀለበት በጣት ንጹሕ ዘይት ይቀባል፤ ፊልትሮው በእጅ ይታሰራል፤ ቀለበቱ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። በቁልፍ ማጥበቅ በሚቀጥለው ጊዜ ለመፍታት መከራ ከመሆኑ በቀር ጥቅም የለውም።

የታችኛው ቡሎን ሮንዴላው (ከቡሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ቀለበት) በየጊዜው ቢቀየር ዋጋው ኢምንት ነው። አሮጌው ሮንዴላ ሲያንጠባጥብ ሠራተኛው ቡሎኑን አብዝቶ ያጠብቃል፣ የዘይት ቋቱ ጥርስ ይበላል፣ ከዚያ ጥርስ ማውጣት ወይም ቋት መቀየር ይመጣል። ለትናንሾቹ ቶዮታዎች የሚታዘዘው ጥብቀት ወደ 37 ኒውተን ሜትር ነው፤ አጭር ቁልፍ ይዞ በአንድ እጅ ጠበቅ ማድረግ ማለት ነው፤ ቧንቧ ተቀጥሎበት የሚጠመዘዝ ነገር አይደለም።

ዘይቱ ሲሞላ ከታዘዘው ግማሽ ሊትር ቀንሶ ጀምሮ፣ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነስቶ፣ አጥፍቶ 5 ደቂቃ ቆይቶ በመለኪያው ዘንግ እያዩ መጨረስ ነው። ደረጃው በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መቆም አለበት። ከላይኛው ካለፈ የሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ትርፉ በመተንፈሻው ወደ አየር መሳቢያው ይሄድና ጭስ ይሆናል። ይህ ነው "ሁሉም ይግባለት" የማይባለው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ሌላ ስህተት ይደርሳል፦ ልምድ የሌለው ልጅ የካምቢዮውን ቡሎን የሞተር መስሎት ይፈታል። የወጣው ፈሳሽ ቀይ ወይም እንደ ዘይት ያልጠቆረ ከሆነ ሥራውን ወዲያው ማስቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ካምቢዮው ባዶ፣ ሞተሩ ደግሞ እጥፍ ዘይት ይዞ ይወጣል።

በየስንት ኪሎ ሜትር?

አቧራ፣ አጭር ጉዞና በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ መሥራት በአምራቾች ቋንቋ ከባድ አገልግሎት ይባላሉ፤ የአዲስ አበባ መኪና ሦስቱንም ያሟላል። መመሪያው ለቀላል አገልግሎት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚፈቅድለት መኪና እዚህ በ5,000 ወይም በ6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ቢቀየርለት ተገቢ ነው። ዋጋ የሚሰላውም በኪሎ ሜትር ነው። ለስሌት ያህል ዘይቱ 3,000፣ ፊልትሮው 700፣ የእጁ 300 ብር ቢሆን በ5,000 ኪሎ ሜትር 80 ሳንቲም በኪሎ ሜትር ይመጣል። ፊልትሮውና የእጁ ሳይለወጥ፣ በ5,600 ብር የተገዛ ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ ዘይት) በዚያው 5,000 ላይ የሚደፋ ከሆነ 1 ብር ከ32 ሳንቲም ይደርሳል። ስለዚህ መመሪያው ሲንተቲክ ካላዘዘና መኪናው ከከተማ ካልወጣ፣ ደረጃውን የጠበቀ ተራ ወይም ከፊል ሲንተቲክ ዘይት በሰዓቱ መቀየሩ ይሻላል። ረጅም መንገድ ለሚሠራ ወይም ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ላለው መኪና ሲንተቲኩ ገንዘቡን ይመልሳል።

የናፍጣ መኪና ዘይት በተቀየረ ማግሥት ቢጠቁር አያስደንግጥ፤ ጥላሸቱን ማንሳቱ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ እንደ ወተት የገረጣ ዘይት ከታየ ግን ውኃ ገብቷል፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ ይህን ዘይት መቀየር አይፈውሰውም። ቤንዚን የሚሸት ዘይትም መካኒክ ይፈልጋል።

የወጣው የተቃጠለ ዘይት ዋጋ አለው፤ ለምስጥ መከላከያ እንጨት ይቀባበታል፣ በግንባታ ቦታም ለአርማታ ሣንቃ ይገዛል። ወደ ቦይ መድፋት ግን ውኃንና አፈርን ይበክላል፤ የሚሰበስብበት በርሜል የሌለው ቦታ ሌላውንም ሥራ እንደነገሩ ይሠራል ብሎ መጠርጠር አግባብ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የሞተር ዘይት የማያስፈልጋቸው መኪኖች በከተማው እየበዙ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ የማርሽ ክፍላቸው ዘይት አለው። መንገድ ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ግን ምትካቸው ስለተወደደ ከበፊቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። ከቅየራው በኋላ ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ መለጠፍ፣ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ መኪናው ያደረበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል፤ አዲስ ጠብታ ካለ ወደ ቀየሩት ሰዎች የሚኬደው ያኔውኑ ነው።