ሲመለስ ያነብ ነበር

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች። እንኳን ከግሸን በሰላም ተመለሳችሁ!

መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም በዓል፣ አለፈ። የደሴ መናኸሪያ ነጠላ በነጠላ ሆኖ ነው የሰነበተው። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። ስንሄድ ሌሊቱን ሙሉ ዝማሬ ነው፣ ከበሮ ነው፣ እልልታ ነው። ስንመለስስ? ግማሹ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፣ ግማሹ በወንበር ይጨቃጨቃል፣ የቀረው ስለ ታሪፍ ያማርራል። ጠበሉ በጀሪካን ቤት ይደርሳል፣ ጸሎቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

እኔ ሰሞኑን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 መላቀቅ አልቻልኩም። ያ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ የእኛው አገር ሰው። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄደ። ከዚያስ? «ሲመለስም በሰረገላ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር»። አያችሁ፣ ሲመለስ! ሲሄድም አንብቦ ይሆናል፣ መጽሐፉ ግን የነገረን የመልሱን ነው። ሰግጃለሁ፣ ተሳልሜያለሁ፣ በቃኝ ብሎ ተኝቶ መምጣት ይችል ነበር።

ደግሞ ሥራ ፈት አልነበረም። በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ የሠለጠነ ሹም ነው። ስንት ጉዳይ ይጠብቀዋል! ግን ጊዜ የለኝም አላለም። በጋዛ ምድረ በዳ፣ በሚንገጫገጭ ሰረገላ ላይ፣ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ድምፁን ባያወጣ ወንጌላዊው ፊልጶስ አይሰማውም ነበር። የያዘው ቦታ ኢሳይያስ 53 ነው፣ እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ የሚለው። እዚያው ላይ ቆመ። ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ማን ነው? ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው አልተቆጣም። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ያን ሁሉ ሹመት ይዞ፣ በእግሩ ሮጦ የመጣውን መንገደኛ ና ውጣ፣ አጠገቤ ተቀመጥ ብሎ ለመነው። በዚያው መንገድ ላይ ተጠመቀ።

እኛ ዘንድ ዳዊት የሌለው ቤት የለም። ትራስ ስር አለ፣ ሕፃን ራስጌ አለ፣ በማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። ክፉ እንዳይቀርብ ነው። እሺ፣ እምነታችሁን አልነካም። ግን እስቲ ግለጡት! ገጹ እርስ በርሱ ተጣብቆ የቀረ ዳዊት አይቻለሁ። የምንደግመውም ብንሆን፣ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው ብለን ታክሲ እንደሚያመልጠው ሰው እየተንደረደርን እንጨርስና «ደገምኩ» እንላለን። ምን ይላል ሲሉን ዝም። አንድ ንጉሥ፣ አሥሩን መዝሙር ማለት ነው፣ በማስተዋል መድገም ያቃተው ሰው የንስሐ አባቱን ያማክርና በአንድ መዝሙር ይጀምር። ነውር የለውም።

አትሳቁብኝና የእንቅልፋችንም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ሲያገላብጥ ያመሸ ሰው፣ በዚህ በደሴ ብርድ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ፣ ለኪዳን ጸሎት ከብርድ ልብሱ ይወጣል? ከዚያ «ሰይጣን አስተኛኝ» ይላል። ወንድሜ፣ ስልክህ ነው። ጾሙም እንዲሁ። ረቡዕና አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ሲገድፍ መተንፈስ እስኪያቅተው ይበላል። «ለንባብ ያነቃኛል» ብሎ ጫት ይዞ የሚቀመጥም አለ፣ የኛው ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ! ሲነጋ መጽሐፉም የለ፣ ጸሎቱም የለ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሰው ሲያኮርፍ ይውላል። ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ያለው ጳውሎስ የጻፈው ስለ ዝሙት ነው፣ ልክ ነው። ግን ቤተ መቅደስ በሌላ በኩል ይፍረስ ማለቱ ነው እንዴ? ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። በጊዜ ተኙ። ራስጌያችሁ መጽሐፉ ይሁን፣ ተገልጦ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ሲሆኑ፣ አንድ ወንጌል እጅ ለማስገባት ስንት ፍየል ይታረዳል፣ ስንት ቆዳ ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ከዚያ ፊደል በፊደል በእጅ ይጻፋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። እኛ ስልካችን ላይ 81ዱንም የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት በነጻ ጭነን፣ የምንከፍተው ለስታተስ የምትሆን ጥቅስ ፍለጋ ነው። ያሳዝናል።

ማንበብ የማትችሉ እናቶቼ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ አይደለም። ኮምቦልቻ በሌሊት ፈረቃ ሠርተሽ፣ ዓይንሽ እንቅልፍ እንደሞላው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ተሳልመሽ የምታልፊ እህቴ፣ ለአንቺም አይደለም። ራእይ 1፥3 ብፁዕ የሚለው የሚያነበውን ብቻ አይደለም፣ የሚሰሙትንም፣ የሚጠብቁትንም ነው። ቆማችሁ የሰማችሁት ወንጌል ተቆጥሮላችኋል።

ልጆች ግን አደራ። ማታ ከራት በኋላ ለእናታችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡላት፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ። ከማርቆስ ጀምሩ፣ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ያልገባችሁን በደብተር ጻፉና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምህራችሁን ያዙ። እኔንም ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ካላወቅሁት አብረን ሄደን ሊቃውንቱን እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።